አባባ ከኮሪያ የጻፋቸው 14 ደብዳቤዎች ውስጥ ጦርነቱ የለም

የቃኘው የልጅ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የእማማን (የእናቴ እናት ናት) አልጋ ስንቀይር ከሥሩ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። የክርና የመርፌ ማስቀመጫ መስሎኝ ስከፍተው 14 ደብዳቤ አገኘሁ። ሁሉም ከኮሪያ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው በሰኔ 1943 ተጽፏል፣ የመጨረሻው በየካቲት 1944። ጸሐፊው አባባ ነው፤ ያኔ ባሏ አልሆነም፣ እጮኛዋ ነበር። እኔ ሳልወለድ ስላረፈ ድምፁን እንኳን አላውቀውም።

ለማያውቁ ያህል፦ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወደብ ደረሰ። እዚያም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። ስሙ የተወሰደው ከልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 1945 በተኩስ አቁም እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀዋል። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጻሕፍት ነው። ከደብዳቤዎቹ ግን ምንም! እውነቴን ነው፣ አንዲት ጥይት እንኳን አትጮኽባቸውም።

ታዲያ ምን አለባቸው? ባሕሩ አለ፤ «ሰማይና ውኃ ተጋብተው ሌላውን ሁሉ አባረውታል» ይላል። በረዶው አለ፤ «ሲያዩት ባዘቶ ነው፣ ሲነኩት ግን እጅ ይቆርጣል»። ኮረብቶቹ የአገራችንን እንደሚመስሉ፣ እንጀራ በሕልሙ እንደሚያይ፣ አንድ የኮሪያ ሕፃን በየቀኑ እየመጣ ወታደራዊ ሰላምታ እንደሚሰጠው አለ። ስለ ካልሲ ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል።

ከሁሉም አሰልቺው የመስከረም 1944 ደብዳቤ ነው። በዚያ ወር ሻለቃው ኮረብታ ለመያዝ ከባድ ውጊያ ላይ እንደ ነበር አንብቤ ስለነበር በጉጉት ነው የከፈትኩት። ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ብቻ! ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለክርስትና አባት፣ ለጎረቤት፣ አንድ በአንድ በስም። ከአባቱ ጋር በእርሻ ድንበር ለዓመታት ሲካሰስ ለኖረ ሰው ሳይቀር ሰላምታ ልኳል፤ «የድንበሩን ነገር በእኔ በኩል ትቼዋለሁ በይልኝ» ይላል። በመጨረሻ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዘምታችሁ የምታውቁ ወይም ደብዳቤ ስትጠብቁ የኖራችሁ፣ ለምትወዱት ሰው እንደዚህ ነበር የምትጽፉት? አባባ እማማን ዋሽቷታል ማለት ነው?

ጡረተኛው አሥር አለቃ

ልጄ፣ አባባህን አትክሰሰው።

እኔ ከ1974 ጀምሮ ሰሜን ግንባር ነበርኩ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ስለ ገባሁ የምሽጋችን ደብዳቤ ጸሐፊ አደረጉኝ። መሠረተ ትምህርት በ1971 ከተጀመረ በኋላ ብዙው ወታደር ፊደል ለይቶ ነበር፤ ስሙን ይጽፋል፣ ጽሑፍም ይቆጥራል። ለሚወዳት ልጅ መጻፍ ሲሆን ግን እጁ ይተሳሰራል። ስለዚህ ማታ ማታ በኩራዝ ተራ ይይዙልኛል። አንዱ ቁጢጥ ብሎ «እንደምን ሰነበትሽ በልልኝ» ይላል። እጽፋለሁ። «እኔ ደህና ነኝ በልልኝ።» እጽፋለሁ። ከዚያ ዝም። «ሌላስ?» ስለው አንገቱን ይደፋና «ይኸውልህ፣ የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ጨምርበት» ይለኛል።

ያን «የቀረውን» ስጨምር ኖርኩ። ጨረቃውን ጨመርኩ፣ ናፍቆቱን ጨመርኩ፣ የማላውቃትን ልጅ ዓይን አሞገስኩ። ስለ ውጊያ ጻፍልኝ ያለኝን ሰው በጣቴ እቆጥረዋለሁ። ከእነሱም አንዱ አስጽፎ ሲጨርስ «እስቲ አንብብልኝ» አለ፣ ሰማ፣ ወረቀቱን ተቀበለኝና ሻይ አፈላበት።

ሳንሱር ፈርተው ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሳንሱሩም አለ። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ምሽግ ውስጥ ሆነህ ጦርነት ያልገባበት አንድ ቦታ ትፈልጋለህ፤ ያቺ ልጅ የተቀመጠችበት ቤት ያ ቦታ ነው። በገዛ እጅህ እዚያም ታስገባዋለህ?

ናፍቆት በፖስታ

ጋሼ አሥር አለቃ፣ ምናልባት የእኔንም ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ይሆናሉ! እየቀለድኩ ነው፤ ግን በጣም አልራቅሁም።

የእኔ እጮኛ ናቅፋ ግንባር ነበር። ስሙን ስሰማ «ና እቀፍ» የሚሉ ይመስለኝ ነበር፤ የ19 ዓመት ልጅ ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ደብዳቤው የሚመጣው በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ካልሆነም ለእረፍት የመጣ ወታደር በኪሱ ይዞት ይመጣል። በኪስ የመጣው ላብ ላብ ይሸታል፣ እኔ ደግሞ ያንን ነበር የምመርጠው።

አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ስሙ የእሱ፣ የእጅ ጽሑፉ ግን የሌላ ሰው። ሁሌ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ የሚመጣው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሞቷል፣ ጓደኞቹ እንዳልደነግጥ እየጻፉልኝ ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ከወራት በኋላ ለእረፍት ሲመጣ ነገሩ ታወቀ። እሱ አንድም ደብዳቤ በእጁ ጽፎልኝ አያውቅም! የተለወጠው ጸሐፊው ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሞቶ ነበር።

ስለዚህ እኔ በሕይወት ላለ ሰው አለቀስኩ፤ በእውነት ለሞተው፣ ያን ሁሉ ጨረቃ ለጻፈልኝ ሰው ግን አላለቀስኩም። ስሙን እንኳን የጠየቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

(ተጋብተን ነበር፣ በኋላም ተፋታን። ምክንያቱ ሌላ ነው፣ የዚህ ክር ጉዳይ አይደለም።)

ጡረተኛው አሥር አለቃ

ልጄ፣ በየትኛው ዓመት ነበር?

ናፍቆት በፖስታ

1978 መጨረሻ። ክረምት ነበር።

ጡረተኛው አሥር አለቃ

እኔ አልነበርኩም። እንደኔ ያለ ግን በየምሽጉ አንድ አይጠፋም ነበር። ነፍሱን ይማር።

ታሪክ አንባቢ

«ደህና ነኝ» የሚለው ቃል የኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ለወታደሮቹ የታተመ ካርድ ያድል ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ ተዘጋጅተው ተደርድረዋል፦ ደህና ነኝ፣ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ወዘተ። ወታደሩ የማይፈልገውን ይሰርዛል፣ ቀንና ፊርማ ያኖራል፣ በቃ። አንድ ቃል ከጨመረበት ካርዱ እንደሚወገድ እላዩ ላይ ተጽፏል። እኔን የገረመኝ የሌለው ነው። «ቆስያለሁ፣ እየተሻለኝ ነው» የሚል አለ፤ «እየተሻለኝ አይደለም» የሚል የለም። በሌላ በኩል «ከአንቺ ደብዳቤ ካገኘሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ» የሚለው ታትሟል። መንግሥት ለወታደሩ የፈቀደለት ወቀሳ ያ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ እሱም በፍቅረኛው ላይ።

በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ሶቪየቶች ፖስታ ስለ ቸገራቸው ወረቀቱን ራሱን ሦስት ማዕዘን አድርገው አጥፈው ያለ ቴምብር ይልኩ ነበር። አሜሪካኖች ደብዳቤውን በጥቃቅን ፊልም እያነሡ ይልኩና ሲደርስ መልሰው ወረቀት ላይ ያትሙት ነበር፤ የመርከብ ቦታ ለመቆጠብ ነው። ሴቶቹ በከንፈር ቀለም ስመው የላኩት ወረቀት ማሽኑን እያበላሸ አስቸግሯል ይባላል።

ባድመ 91

ሁላችሁም ዝምታውን እያሞገሳችሁ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉንም ጽፌአለሁ።

በየካቲት 1991 ባድመን ስናስለቅቅ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት መናገር አቃተኝ። መናገር ማለቴ ቃል በቃል ነው፤ የምግብ ወረፋ ላይ እንኳን በእጄ ነበር የማመለክተው። አንድ ሌሊት ከደብተር ስድስት ቅጠል ገነጠልኩና ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩላት። ጓደኛዬ እንዴት እንደ ሞተ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን ሳላደርግ እንደ ቀረሁ። ከላክሁት በኋላ ተጸጸትኩ። ይቺን ልጅ አጣኋት አልኩ።

መልሷ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አንድ መስመር ነው፦ «ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ዛሬ ሦስት ልጆች አሉን፤ ስለዚያ ቀን እስካሁን የማወራው ለእሷ ብቻ ነው። አሥር አለቃ የሚሉት «ጦርነት ያልገባበት ቤት» ለእኔ አልሠራም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ስመለስ የምገባበት ቤት አይኖረኝም ነበር። በሩ ላይ እንግዳ ሆኜ ነበር የምቀረው።

ዝናብ በግንቦት

ወንድሜ፣ ለአንተ ስለ ሠራ ደስ ብሎኛል። ለእኔ ግን የደረሰኝ ሌላ ነው።

የእኔም እንደ አንተ ሁሉንም ጻፈልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ መርዶው ከተነገረኝ በኋላ ነው። ፈርቶ እንደ ነበር፣ ውኃ እንደ ጠማው፣ የትኛው ጓደኛው አጠገቡ እንደ ወደቀ አነበብኩ። መልስ የምጽፍለት ሰው አልነበረም። «ቀጥል» የምለው የለም።

አንድ ደብዳቤ ቢቀርልኝ ስለ ካልሲ የጻፈው እንዲቀርልኝ እመርጥ ነበር። ሌላ አልጨምርም።

ቀጥተኛ ሰው

መጀመሪያ ማን ጦርነቱን ጀመረ የሚለውን ሳትመልሱ ስለ ፍቅር ደብዳቤ ማልቀስ ምን ይባላል? የደርግ ወታደር እኮ ...

አወያይ

የቀረውን አንሥቼዋለሁ። ማን ጀመረ፣ ማን ጥፋተኛ ነው ለሚለው ሌሎች ብዙ ክሮች አሉ፤ እዚያ ተከራከሩ። እዚህ ደብዳቤ ነው የምናነብበው። ዝናብ በግንቦት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሰምና ወርቅ

በመናገርና በመደበቅ መካከል አንድ ሌላ መንገድ እንዳለ የረሳችሁት መሰለኝ። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን።

የአክስቴ ባል በ1970 ምሥራቅ ግንባር ዘምቶ ነበር። ያኔ ገና አልተጋቡም። እሱና አንድ አብሮ አደጉ ከመዝመታቸው በፊት ሁልጊዜ አብረው ነበር ወደ አክስቴ ደጅ የሚመጡት፤ አንዱ ሊያያት፣ ሌላው ለማጀብ። ካራማራ ከተያዘ በኋላ ከሐረር ደብዳቤ መጣላት። ሰላምታው ከተጻፈ በኋላ ሁለት መስመር ግጥም አለበት፦

ደጅሽን የሚያውቁ ሁለት ነበሩኝ፤
አንዱ እዚህ ቀረ፣ ባንዱ ጠብቂኝ።

አክስቴ አብሮ አደጉ ሞተ ብላ ተረዳችው። ለቤተሰቡ ማን ይንገር ብላ ስትጨነቅ ሰነበተች። ሁለት ሱባዔ ያህል ካለፈ በኋላ ሟች የተባለው ሰውዬ ራሱ ደጁን አንኳኳ! እየሳቀ ገባ፣ አየችው፣ ጮኸች። ሲረጋጉ ግጥሙን አሳየችው። እሱም አንብቦ መሳቁን አቆመ።

«ሁለቱ» እግሮቹ ናቸው። ወደ ደጇ የሚያመጡት ሁለት እግሮች። አንዱ እዚያው ቀርቷል፤ በአንዱ ጠብቂኝ ነው የሚላት።

አክስቴ እስከ ዛሬ የምትለው፣ «ወርቁን ባልፈታውም ለቅሶው ግን በልኩ ነበር» ነው። ሰውየውን ጠበቀችው፣ አገባችው። በሠርጋቸው ቀን አብሮ አደጉ አንደኛ ሚዜ ሆኖ ደግፎት እንደ ገባ ፎቶው ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ።

የክሩ ባለቤት፣ አንተም የአባባን ደብዳቤዎች በዚህ ዓይን እንደገና ብታያቸው ጥሩ ነው። በተለይ ያን «አሰልቺ» ያልከውን።

ናፍቆት በፖስታ

እኔም ይህንኑ ልጽፍ ነበር። የሰላምታው ደብዳቤ ከተጻፈ ጀምሮ አእምሮዬ አልለቀቀውም። ጎበዝ፣ እማማ በሕይወት አሉ አይደል? ለምን አትጠይቃቸውም?

ጡረተኛው አሥር አለቃ

የድንበሩን ነገር ትቼዋለሁ ያለው መስመር ላይ እኔም ቆሜ ነበር። ገበሬ የድንበር ነገር እንዲሁ አይተውም። ግን ልጁ ራሱ ይድረስበት ብዬ ዝም አልኩ።

የቃኘው የልጅ ልጅ

አራት ቀን ስለ ጠፋሁ ይቅርታ። ወደ እማማ ሄጄ ነበር።

እማማ አሁን 90 ዓመት አልፏታል፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የፈለገችውን ይሰማል። ማንበብ እንደማትችል አውቅ ነበር፤ ያኔም እንደማትችል ግን አስቤው አላውቅም። ደብዳቤ ሲመጣላት የምታስነብበው ለአንድ የሰፈር ዲያቆን ነበር። ልጁ 14 ወይም 15 ዓመቱ ነው፤ ለአንድ ደብዳቤ አንድ እንቁላል ይቀበላል። ስለዚህ አባባ ሲጽፍ የፍቅር ቃሉ በአንድ ጎረምሳ አፍ እንደሚነበብ ያውቃል። እማማ እየሳቀች «ስለ ካልሲ የጻፈው ለዚያ ነው፤ ልጁ እንዲሰለቸው» አለችኝ። ካልሲ የጻፈበት ገጽ ላይ ልጁ እየዘለለ ሲያነብ፣ ከመሃል «አንቺን ሳላይ የበላሁት አይጣፍጠኝም» የሚል ቃል ተሰንቅሮ ይገኝ ነበር አለች። ተመልሼ አየሁት። አለ! ስለ ሱፍ ክር በሚያወራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ።

ከዚያ የመስከረሙን አወጣሁ። «እማማ፣ ይህኛው ሰላምታ ብቻ ነው» አልኳት። «አንብብ» አለችኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ የሚቀጥለውን እሷ ጠራችው። አራተኛውን፣ አምስተኛውንም እሷ ጠራች። ከ70 ዓመት በላይ ያለፈው ደብዳቤ፣ ያውም ራሷ አንብባው የማታውቀው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ስም በቃሏ አለ።

ዲያቆኑ ያን ቀን ስሞቹን ሰልችቶት «ለሁሉም ሰላም ይላል» ብሎ ሊያልፍ ነበር። እማማ እንቁላሉን ከፊቱ አነሣችው። «አንድ ሳታስቀር በል» አለችው። ባለ ድንበሩ ሰውዬ ላይ ሲደርስ በቃህ ብላ አስቆመችው፣ ሁለት እንቁላል ሰጥታ ሸኘችው።

«ለምን?» አልኳት።

«ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ነዋ ሁሉን በስሙ የሚሰናበት» አለችኝ። «በሰላሙ ቀን ያንን ሰውዬ በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞር ነበር።»

በማግስቱ እግሯን አንሥታ ወደ ባለ ድንበሩ ቤት ሄደች። እጮኛ ብቻ ናት፣ ገና ምራት እንኳን አልሆነችም። መልእክቱን ነገረችው። ሰውየው ምን እንዳለ ጠየቅኋት፤ «ምንም አላለም። ቡና አስፈላልኝ» ነው ያለችው። ለአባባ መልስ ስታጽፍ ደግሞ ይህን ሁሉ ትታ «ሰላምታህን አድርሻለሁ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ላሚቱ ወልዳለች» አለችው። ላሚቱ አልወለደችም ነበር። ከስታ ነበር።

ስለዚህ ዋሽቷታል ወይ ላልኩት፣ እሷም ዋሽታዋለች።

ባድመ 91

ላሚቱ ላይ አለቀስኩ። ባለቤቴም አንብባው «ቀጥል በለው» እያለችህ ነው።

ወረቀትና ቀለም

ክሩን ሳነብ ሰንብቼ ምንም ሳልጽፍ ልወጣ ነበር፤ ሥራዬ አሮጌ ሰነድ መጠገን ስለሆነ ግን አንድ ነገር ላስቸግር። እባክህ ደብዳቤዎቹን ላሚኔት አታድርግ፤ የተቀደደውንም በፕላስተር አታጣብቅ፣ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ይበላዋል። ከብረት ቆርቆሮ አውጥተህ በንጹሕ ወረቀት መካከል ዘርግተህ በካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጠው። እጥፋቱን ደጋግመህ አትዘርጋ፤ አንድ ጊዜ ዘርግተህ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሣና ከዚያ በኋላ ከፎቶው አንብብ።

የቃኘው የልጅ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ። ነገ ላሚኔት ላስደርጋቸው ነበር!

ሣጥኑን ገዝቻለሁ። እማማ ግን ቆርቆሮውን መልሳ ከአዲሱ አልጋዋ ሥር አስገብታዋለች፤ ፎቶ እንዳነሣም ገና አልፈቀደችልኝም። «መጀመሪያ የቀሩትን አንብበህ ጨርስልኝ» ብላለች። ዛሬ ማታ ስድስተኛው ላይ ነን፤ በረዶው የጀመረበት።